ጓንጉል ከወንዙ ማዶ

እሳቱን ቆስቁሱት። በሩንም ቀርቅሩት። ውጭ የቀረ ሰው አለ? የለም? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ነው። ሽባባው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጓንጉል የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ እሱም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ወንዝ ሲወርዱ አብረው ነው፤ ሲመለሱም አብረው ነው። አንዱ ያለ አንዱ ወርዶ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ጓንጉልን ሳልና ትኩሳት ጣለው። እህል እምቢ አለው። ሚስቱ አንጓች ሽባባው ዘንድ መጣች።

«ወንድምዬ፣ የአምባዛ መረቅ አማረኝ ይላል። ሌላ ነገር አፉ አያስገባም። እባክህ እንዳይሞትብኝ።»

ሽባባው ገሳውን ለበሰ፣ መንጠቆውን አነሣ። ቀን ነው፤ ግን ምን ቀን አለው? ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ቀጭን ነው፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ቁጥቋጦ። በዚያ መንገድ ላይ ሰው አለ? የለም። ከብትስ? የለም። ሽባባው ብቻውን ወረደ።

ወንዙ ሞልቷል፣ ደፍርሷል። ሽባባው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትሉን መንጠቆው ላይ ሰካ፣ ወረወረ፣ ጠበቀ። ምንም። እንደገና ወረወረ። ምንም።

ከማዶ ሳል ሰማ።

ቀና ቢል አንድ ሰው ዛፍ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«በዚህ ዝናብ የወጣ ሌላ ቂልም አለ!» አለና መንጠቆውን ወረወረ። ቀና ሲል ሰውዬው ፊቱን አዙሯል። መንጠቆውን ወረወረ። ቀና ሲል ሰውዬው ዛፉ ሥር የለም፤ ወንዙ መሐል ካለው ቋጥኝ ላይ ቆሟል። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጓንጉል!

«ጓንጉል! ተሻለህ እንዴ?»

«ተሻለኝ።»

«እዚያ ድረስ እንዴት ገባህ?»

«እንጃ።»

ሽባባው ደስ አለው። ዝናቡ ይወርዳል፤ የጓንጉል ራስ ግን ደረቅ ነው። ሽባባው ይህን አየ። አየና ምን አለ? «ታድሎ!» አለ።

«ና ወዲህ» አለው ጓንጉል። «አምባዛው ያለው እዚህ ነው።»

ሽባባው ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። ጉልበቱ ደረሰ። ወገቡ ደረሰ። ጓንጉል እጁን ዘረጋለት። ይሄኔ ከኮረብታው ላይ ጥሩምባ ተነፋ።

«ጓንጉል አርፏል! ለቀብር ውጡ!»

ሽባባው ባለበት ቀጥ አለ። ጓንጉልም ጆሮውን አቀና።

«ማን ሞተ ነው የሚለው?» አለ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ሽባባው ጓደኛውን ዋሽቶት አያውቅም።

«አንተ ነህ፣ ጓንጉል።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

ጓንጉል እጆቹን አገላብጦ አየ። ከዚያ የሽባባውን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። እጁ በረዶ ነው።

«እንግዲያው አብረን እንሂድ» አለ። «ብቻዬን ሄጄ አላውቅም።»

የሽባባው ጉሮሮ ደረቀ። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጉሮሮው ደረቀ!

«ልቅደምና መቃብርህን ልቆፍር» አለ። «በዚህ ዝናብ ሌላ ሰው አያጠልቅልህም፤ ጅብ ያወጣሃል።»

ጓንጉል አሰበበት።

«እውነትህን ነው» አለና ለቀቀው።

ሽባባው ዳገቱን ሽቅብ በረረ። ቤቱ ገብቶ ተደበቀ? አልተደበቀም። ለጓደኛው ቃል ሰጥቷል። ዶማ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ከመንደሩ ወንዶች ጋር መቆፈር ጀመረ። ዝናቡ ሲበረታ ወንዶቹ ሊጠለሉ ሮጡ።

«ና እንጂ ሽባባው!» አሉት።

እምቢ አለ። እያለቀሰ ቆፈረ። ጉድጓዱ ደረቱ ድረስ ዋጠው። ቆፈረ። አንገቱ ድረስ ዋጠው። ከጀርባው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ አንድ ሰው ሳለ።

«ይበቃል፣ ሽባባው። ለሁለታችንም ይሆናል!»

እንዴት እንደወጣ እሱም አያውቅም። ወንዶቹ ሲመለሱ አፈሩን በሁለት እጁ እየዛቀ ወደ ጉድጓዱ ይመልሳል።

«ምን ነካህ? የቆፈርኸውን ትደፍናለህ?»

«ሰፍቷል» አለ።

ጎንና ጎኑን በድንጋይ ደለደለው፤ አንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ተጨናንቆ እስኪይዝ አጠበበው። ጓንጉል እዚያ ተቀበረ። ሽባባውም አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ሞተ። እስከዚያ ድረስ ግን ለሽንት እንኳ የሚወጣው ሚስቱን ቀስቅሶ ነበር። ትቆጣው ነበር፤ ግን ትወጣለች።

በሉ፣ ቤቱ ሩቅ የሆነው ማን ነው? ብቻህን እንዳትሄድ። የሚሸኝህ ካጣህ እዚሁ እደር።