ከኩርፌ ሽብሽብ ሥር

ትርንጎ ልጇን ኤፍራታን ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ለሥራ አብቅታ፣ አንድ ቀን እንኳ ገላዋን በባዶ እጇ ነክታ አታውቅም። ይህ ቂም ከልጅቷ ጋር እኩል አድጓል። አዋላጆቹ ሕፃኗን ያስታቀፏት ስስ ገላ ከረጩባት በኋላ ነበር። እንደ ተላጠ እንቁላል እያብለጨለጨች፣ እያሟለጨች ደረቷ ላይ አረፈች። ትርንጎ ያን ጊዜ ያለችው ትዝ ይላታል፦ "ቆዩ እንጂ፣ ልንካት!" የሰማት አልነበረም።

ስስ ገላ በግርጌ ከተማ ሰው ሁሉ ከቆዳው በላይ የሚለብሰው ሕይወት ያለው ሽፋን ነው። በመርጫ ይረጫል፤ ላብ ይጠጣል፣ ተዋስያን ይገድላል፣ ያሳከከውን ያስታግሣል። ግርጌ ከምድር በታች፣ በእንፋሎት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ግድግዳዋ ያልባል፣ አልጋዋ ያልባል። ስስ ገላ ባይኖር የሰው ብብትና ጉያ በቁስል ባለቀ ነበር። ይህን ትርንጎም አትክድም።

"ይሁን፣ ጥሩ ነው" ትላለች። "ግን አንድ ቀን፣ በአንድ ጣት ብነካት ምን ነበረበት?"

"ትርንጎ ልጇን እንደ ወጥ ልትቀምሳት ነው" እያሉ ባልደረቦቿ ይስቁባታል።

እሷ ደግሞ እልኸኛ ናት። ጠዋት ጠዋት ከመዳፏና ከእጅ አንጓዋ ላይ ስስ ገላውን እንደ ድንች ልጣጭ ትልጠዋለች። ስስ ገላ አንድ አካል ነው፤ አንድ ቦታ ከተቀደደ እስኪጠገን ድረስ ሁለመናው ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያልባታል፣ ያሳክካታል፣ ትፎክታለች። አለቆቿ ተቆጥተው ተቆጥተው ሰልችቷቸዋል።

የምትሠራው በሸብሻቦች ቤት ነው። ሸብሻባ የግርጌ ውሻ ነው፤ ቆዳው ለሁለት ውሻ የሚበቃ፣ ፊቱ እንደ ታጠፈ ጋቢ የተደራረበ። ያለ እሱ ግርጌ ውላ አታድርም። ከድንጋዩ ስንጥቅ አንዳንድ ጊዜ ሰው የማያሸተው ጋዝ ይወጣል። "ድንገቴ" ይሉታል። መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ቀጥሎ ያስተኛል፣ ከዚያ ወዲያ መንቃት የለም። መሣሪያ ቢገጥሙ ጨዋማው እንፋሎት ይበላዋል። ሸብሻባ ግን ጋዙን በሽብሽቡ አጥምዶ ያሸተዋል። ጭንቅላቱን በኃይል ያራግፋል፣ ይጮኻል፣ ሰውም ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል።

ጣጣው ያው ሽብሽቡ ነው። ድሮ ትርንጎና ባልደረቦቿ እያንዳንዱን እጥፋት በጣታቸው ገልጠው፣ ረጠብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ የቀላ ካለ ቅባት ቀብተው ነበር የሚውሉት። ዋናው ማድረቁ ነው። እርጥቡን የታጠፈ ቆዳ ይቀላል፣ ይሸታል፣ ኋላም ይመግላል። ውሻ ሲወፍር እጥፋቱ ይጠልቃልና ምግቡንም ይመጥኑለት ነበር። ከዚያ ስስ ገላ ለውሾችም ተፈቀደ። አንዴ መርጨት፣ በቃ። "እጥፋት አትግለጡ፤ ስስ ገላው ይረበሻል" የሚል ትእዛዝም ተከተለ።

ውሾቹ ማከክ አቆሙ። የጠባቂዎቹም ሰላምታ ተለወጠ። ፈረቃ ሲቀያየሩ አንዱ "እንዴት ዋለ?" ይላል። ሌላው "ጸጥ ብሎ ዋለ" ይላል። "ተመስገን።" ትርንጎም ብላዋለች፣ ደስ ብሏት ብላዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ኩርፌን ልታበላ ጎንበስ አለች። ኩርፌ ያሉት ፊቱን አይተው ነው፤ ሁልጊዜ የተቀየመ ይመስላል። ሳህኑን ስታስጠጋለት አንድ ነገር ሸተታት። የከረመ ሊጥ የመሰለ፣ ከአፍንጫው በላይ ካለው ትልቁ እጥፋት የሚመጣ ሽታ።

ክው አለች።

"አንተ፣ ምን ሆነሃል?"

ኩርፌ ጅራቱን ወዘወዘ። ትርንጎ ትእዛዙን እያወቀች እጥፋቱን ልትገልጥ ሞከረች። አልተገለጠም። ስስ ገላው የእጥፋቱን ሁለት ከንፈሮች ሰፍቶ አንድ አድርጓቸዋል።

የውሾቹ ሐኪም ዶክተር ናሁሰናይ ወዲያው መጣ። ወጣት ነው፣ ጠንቃቃ ነው፣ ውሻ ይወዳል። በኩርፌ አንገት ላይ ያለውን የጤና ሰሌዳ አየ።

"ሰሌዳው ጤነኛ ነው ይላል፣ ወይዘሮ ትርንጎ።"

"ሰሌዳው አፍንጫ የለውም። እስቲ ጠጋ ብለህ አሽት።"

አሸተተ። ፊቱ ጠቆረ። በስለት ጫፍ ሽፋኑን ሰነጠቀው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ጥሬ ሥጋ ሆኗል፤ ቢጫ ፈሳሽ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ወረደ። ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። ኩርፌ ግን አላለቀሰም። እንቅልፍ እንደመጣው ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ።

ናሁሰናይ ከተሰነጠቀው ሽፋን ቁራጭ ወስዶ በመስታወት ላይ አድርጎ መረመረ። ቁራጩ ጥቃቅን ጠብታ ያነባ ነበር።

"የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እርጥበቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ማድረቁን ትቷል። የታዘዘው እንዳያሳክክ እንዲያደርግ ነው። ቆዳውን ማዳን ሲያቅተው ማሳከኩን አጠፋው።"

"አላዳነውማ!"

"አላዳነውም። አፉን ነው የያዘው።"

ትርንጎ ኩርፌን አየችው። ሌላ ነገር መጣባት፤ ባልመጣብኝ ያሰኛት ነገር።

"ዶክተር፣ ውሻ ሲያሳክከው ምን ያደርጋል?"

"ጭንቅላቱን ያራግፋል።"

"ድንገቴ ሲሸተውስ?"

ናሁሰናይ ተነሥቶ ለልምምድ የሚጠቀሙበትን ድንገቴ የታሸገበት ብልቃጥ አመጣ። አጠገባቸው ሌላ ሸብሻባ፣ ሻንቆ፣ ቆሟል። ብልቃጡን አፍንጫው ሥር ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የሻንቆ ጠጉር ቆመ። ጭንቅላቱን ሊያራግፍ ቀና አደረገ። ያኔ ከማጅራቱ እስከ ግንባሩ ስስ ገላው ነፋስ እንደመታው ውኃ ሞገድ ሠራ። ሻንቆ ዓይኑን ከደነ። አገጩን እግሩ ላይ አጋደመ።

ጸጥ አለ።

"አምላኬ!" አለ ናሁሰናይ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። "በየዋሻው ያሉት ውሾች ሁሉ እንዲህ ከሆኑ... ሰዎቹ ሳያውቁ... አሁኑኑ ደወል መደወል..."

ትርንጎ አንገቱን አየች። ከኮሌታው እስከ ጆሮው ሥር ያው ሞገድ አለፈ።

ናሁሰናይ ንግግሩን አቋረጠ። በረጅሙ ተነፈሰ። ፈገግ አለ።

"ማለቴ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እናነሣዋለን። ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ ነው" አለና አዛጋ።

የትርንጎ ጠጉር ቆመ።

"አንተ ልጅ፣ አሁን ምን ነበር ያልከው?"

"ይረጋጉ፣ ወይዘሮ ትርንጎ።"

ስስ ገላው የፍርሃትን ላብ ከማሳከክ አልለየውም። ትርንጎ ወደ ኋላ አሰበች። በግርጌ ሰው ሲጮኽ የሰማችው መቼ ነው? ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሐዘንተኛው ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። እሷ ግን ጨዋነት መስሏት ነበር።

መነጋገሪያዋን አነሣች። ለልጇ ደወለች። ኤፍራታ በታችኛው ዋሻ የእንፋሎት ቧንቧ ጠጋኝ ናት።

"ኤፊ! የት ነሽ?"

"ሥራ ላይ ነኛ፣ እማዬ። ምነው?"

"ውሻችሁ ምን ታደርጋለች?"

"ሻሼ? ተኝታለች። ጸጥ ብላ ነው የዋለችው።"

"ራስሽን ያዞርሻል?"

"ትንሽ። ሁላችንንም አዞረንና አረፍ ብለናል።" ሳቅ አለች። "ደስ ይላል፣ እማዬ። ሞቅ ያለ ነው።"

"ተነሺና ውጪ! ኤፍራታ፣ ስሚኝ፣ አሁን ውጪ!"

"እሺ፣ ትንሽ ቆይቼ" አለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ትርንጎ ስለቱን ከናሁሰናይ እጅ ነጠቀች። "ይቅር በለኝ" አለችው። የእጅ አንጓውን ይዛ ስስ ገላውን ሰነጠቀች፤ እስከ ክንዱ ድረስ ሞሸለቀችው። ሰውዬው መጀመሪያ በመገረም አያት። ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጮኸ።

"ደወሉን ደውል! ውሾቹን ላጣቸው፣ ሁሉንም!"

ናሁሰናይ እያለቀሰ ሮጠ።

የኩርፌን ጭንቅላት ልጣ ጨረሰች። የአየር ጭምብሏን አጥልቃ፣ ሌላም ይዛ፣ ውሻውን አስከትላ በአሳንሰሩ ወረደች። መፍራቷን ልትደብቅ አልሞከረችም፤ ከማን? ከታች፣ ዋሻው በሚታጠፍበት ላይ ኩርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጭንቅላቱን አራገፈ። ጆሮው ጉንጩን ጧ ጧ አደረገው፤ መግልና ደም ቀሚሷ ላይ ተረጨ። ከዚያም ጮኸ። ዋሻው ያን ድምፅ ረስቶት ነበር መሰል፣ ደጋግሞ መለሰው። ትርንጎ ገመዱን ለቀቀችለት። እሱ ከዚያ አልፎ አይሄድም፤ እሷ ግን ትሄዳለች።

ሠራተኞቹ ቧንቧውን ተደግፈው እንደ ጠገበ ሰው ተቀምጠዋል። አለቃቸው ደባልቄ ዓይኑ ግማሽ ክድን ነው።

"ነይ፣ ትርንጎ" አላት። "ቁጭ በይ እንጂ። ምን ያስቸኩልሻል?"

ኤፍራታ መጨረሻ ላይ ናት። ትርንጎ ጭምብሉን አጠለቀችላት። ኤፍራታ አወለቀችው።

"ይጫነኛል።"

"ተነሺ፣ ልጄ!"

"ቆይ እንጂ፣ እማዬ።"

ብትጎትታት ከበደቻት። ጥፍሯን በማጅራቷ፣ ከጠጉሯ ሥር ሰካችና ስስ ገላውን ሳበች። ተለጠጠ እንጂ አልተቀደደም። እጇ ሥር እንደ ልብ መታ፤ ጣቶቿ ድንዝዝ አሉ። መድኃኒቱን እሷንም እያጠጣት ነበር። ጭምብሏን ገለጠች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ሽፋኑን በጥርሷ ነክሳ ቀደደችው።

ከሥሩ ቆዳ ነበር። ትኩስ። እንደ ዶሮ ቆዳ ችፍ ችፍ ያለ። በደነዘዘው ጣቷ ጫፍ እንኳ ተሰማት።

ኤፍራታ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከልጇ አፍ ሲወጣ ትርንጎ ሰምታ አታውቅም።

"እማዬ! ምንድን ነው ይሄ? ደረቴ ውስጥ ምን ገባ? ልሞት ነው?"

"አዎ፣ ካልተነሣሽ ትሞቻለሽ!"

ተነሣች። ጭምብሉን አጠለቀች። እናትና ልጅ እየሮጡ የሌሎቹን አንገት ላጡ፤ የተላጠው ሁሉ እየጮኸ፣ እየተደነቃቀፈ ወደ ኩርፌ ድምፅ ሮጠ። ሻሼን ኤፍራታ አቅፋ አወጣቻት። ደባልቄ ግን ቢላጥም አልጮኸም፤ አልነቃምም።

የከተማው ደወል ቀንና ሌሊት ሲጮኽ ከረመ። ሰው ሁሉ ተላጠ። ጎልማሶች ድሮ ለሞተች እናታቸው ገና ያን ሳምንት አለቀሱ። ጎረቤት ከጎረቤት ተጣላ። ሰው በሩን ደጋግሞ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ያዳምጣል። በየመንገዱ የሚታየው የሚፎክት ሰው ነው።

ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ሲመክሩ ቆይተው ወሰኑ። ለውሾች ስስ ገላ ፈጽሞ ተከለከለ፤ እጥፋታቸው እንደ ድሮው በእጅ ይገለጣል፣ ይጠረጋል፣ ይደርቃል። ውሻ መፍራት አለበትና። ለሰው ግን በፈቃዱ ሆነ። ትርንጎ ስትሰማ ሳቀች። የመርጫው ቤት በር በተከፈተ ጠዋት ሰልፉ ሦስት አደባባይ ዞረ።

ዶክተር ናሁሰናይ በሸብሻቦች ቤት በኩል ሲያልፍ ሊያያት አልፈለገም።

"እርስዎ እንዴት እንደሚችሉት አላውቅም፣ ወይዘሮ ትርንጎ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ደባልቄን ነው የማየው።"

"እኔም አየዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አየዋለኋ።"

ራሱን ነቅንቆ ወደ ሰልፉ ሄደ።

ትርንጎ የኩርፌን ትልቁን እጥፋት ገለጠች። ቁስሉ ጠግጓል፤ ዳር ዳሩ ሮዝ ሆኗል። ስትጠርገው ያጉረመርማል፣ እሷም ትሰድበዋለች። "ዝም በል፣ አኩራፊ። ደግሞ ዝም አትበል።" በደረቁ ጨርቅ ማድረቅ ስትጀምር በሩ ላይ ኤፍራታ ቆማለች። ክንዷ በጥፍሯ ቀልቷል፣ ዓይኗ አብጧል።

"ሰልፍ አልነበርሽም እንዴ?"

"ነበርኩ። ተራዬም ደርሶ ነበር።"

ትርንጎ "እንዳትገቢ" ልትላት ፈለገች፤ ግን ሌሊት ሌሊት ስትቃዥ የምትሰማት እሷ ናት።

"ፈራሁ፣ እማዬ። ሁሉንም እፈራለሁ። ስትወጪ እፈራለሁ፣ ስትዘገዪ እፈራለሁ። ልገባ ስል ጀርባዬን አሳከከኝ።"

"እና?"

"እጄ አይደርስበትም።"

ቀሚሷን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ትርንጎ እጇን ታጠበች። ከዚያ በደረቁ ጨርቅ አደረቀችው፣ ጣቶቿ መካከል ሳይቀር፤ ዋናው ማድረቁ ነው። ከውጭ በአደባባዩ የሚያልፈው ሰልፍ ድምፅ አልነበረውም።

እጇን ልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈችና አከከችላት።

"ትንሽ ወደ ግራ" አለች ኤፍራታ።