ቁጥር አስራ ሰባት ችካል

ቀይ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሀይማኖት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኛዋ ከአሚራ ቤት ፊት ሰው ተሰብስቦ አገኘች፤ ጠጋ ብላ ስታይ በአዲሱ የብሎኬት ግንብ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተቀብቷል። ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሜትራቸውን እየጠቀለሉ፣ ግንቡ አንድ ሜትር ተኩል ወደ መንገዱ እንደገባ፣ ቁጥር አስራ ሰባት ችካልም ከቦታው ተነቅሎ ወደ ውጭ እንደተተከለ ለአህመዲን ያስረዱታል። አህመዲን የአሚራ አጎት ነው። እናቷ ዘሊካ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች በምትልከው ገንዘብ ቤቱን የሚያሠራው እሱ ነው።

«ወላሂ እኔ ተተክሎ እንዳለ ነው ያገኘሁት» ይላል አህመዲን።

ሰዎቹ እንዲህ ያለ መሐላ ለምደዋል መሰል፣ ቀና ብለውም አላዩት። ባለቤቱ ራሱ ነቅሎት ከሆነ ግንቡ ፈርሶ ቦታውም እንደሚወሰድ ነግረውት፣ የአስር ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተውት ሄዱ።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ችካሉን ማን እንደነካው የምታውቀው ሀይማኖት ብቻ ነበረች።

ሰፈሩን የመካነ ሰላም ከተማ ሰው «ፕላን» ይለዋል። ከአራት ዓመት በፊት የገብስና የባቄላ ማሳ ነበር። አንድ ቀን መሀንዲሶች መጥተው ቀይ ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ተከሉና ይሄ ባለ አስር ሜትር መንገድ፣ ያ ገበያ፣ ወዲያ ያለው አረንጓዴ ቦታ ነው አሉ። አረንጓዴ ቦታው ላይ እስካሁን ከድንጋይ በቀር የበቀለ ነገር የለም። ቤቱ ግን በቀለ፤ ካረብ አገር በተላከ ገንዘብ በየወሩ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ሀይማኖት ትናንት እሸት የቀጠፈችበት ቦታ ዛሬ የሰው ሳሎን ሆኖ ታገኘዋለች።

ከማሳው ግማሹ የአባቷ የአቶ ክንፈ ነበር። መሀንዲሶቹ የመጡ ዕለት አቶ ክንፈ ዱላ ይዘው ወጥተው ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ከርመዋል። በኋላ እዚያው ፕላን ውስጥ ምትክ ቦታ ተሰጣቸውና ቤት ሠሩ። ገበሬ ናቸውና ማሳው ቢሄድም ላሚቱን አልሸጡም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሀይማኖት ጥጃውን ሳር ያለበት ቦታ እንድታስረው ታዘዘች። የድሮው ማሰሪያ ጉቶ በግሬደር ተነቅሏል። ባዶ ቦታ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጠንካራ እንጨት ቆሟል። እሷም ገመዱን እሱ ላይ ቋጠረችው፤ ከብት ባለበት ቤት ያደገ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ጥጃው እናቱን ከሩቅ ሲያይ ተፈናጠረና ችካሉን ከረጠበው መሬት ነቅሎ እየጎተተ ነጎደ። ይዛው ስትመለስ ጉድጓዱ በጭቃ ተሞልቷል። «እዚህ ጋ ነበር» ብላ ገመተችና በድንጋይ መታ መታ አድርጋ ተከለችው። ከዚያ ረሳችው።

በታኅሣሥ ግንበኛው ሲባጎውን ከዚያው ችካል ላይ ሲወጥር አይታዋለች። ወደ መንገዱ ትንሽ የወጣ መስሏት ነበር። እንዲያው መስሎኝ ነው ብላ አለፈች፤ አሁን የሚቆጫት ያ ቀን ነው።

በማግሥቱ በእረፍት ሰዓት አሚራ ከክፍሉ ጀርባ ጠራቻት። ዓይኗ አብጧል። እናቷ እንዳልሰማች፣ ዓርብ ስትደውል ግንቡ አለቀ ብለዋት በስልኩ ውስጥ እልል እንዳለች ነገረቻት። ሰባት ዓመት ሙሉ አገር ቤት ያልገባችው ለዚህ ቤት ነበር።

«ሼም ይዞኝ ነው እንጂ ቀድሜ ልነግርሽ ነበር» አለች አሚራ። «ሰዉ የሚያማው አባትሽን ነው።»

«አባዬ ምን አደረጉ?»

«መሬታቸው ተወስዶባቸው ተናደው ነቀሉት ይላሉ። እኔ አላልሁም። አቦ፣ እንዳትቀየሚኝ።»

«አባዬ አልነኩትም።»

«ታዲያ ማን ነካው?»

ሀይማኖት መናገር ፈለገች። ግን ብትናገር ማን ያምናታል? ልጅቱን የላኳት አባቷ ናቸው ይባላል፤ ዱላ ይዘው የወጡበትን ቀን የረሳ የለም። ነቃዩ ለፖሊስ ይሰጣል ተብሏል።

«እንጃ» አለች። ለአሚራ ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እህል አልወርድ አላት። ቤቷ ገብታ እናቷ ወርቄ ምን ሆነሽ ስትላት ራሴን አመመኝ ትላለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ አበጋዝ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄደው ለምነው ነበር፤ ሰፈሩ ነቃዩን አውጥቶ በቃለ ጉባኤ ከፈረመ፣ ግንቡ ወደ ኋላ ይመለሳል እንጂ ቦታው አይነካም የሚል ቃል ይዘው ተመለሱ። ስለዚህ እሑድ አውጫጪኝ ይደረግ ተባለ። በገጠሩ ጊዜ በሬ ሲሰረቅ እንደሚደረገው፣ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ በየተራ እየማለ የሚጠየቅበት ጉባኤ ነው። ልጆች አይጠየቁም። ስለ ቤተሰቡ ሁሉ የሚምለው አባወራው ነው።

ቅዳሜ ራት ላይ ሀይማኖት ልትናገር አፏን ከፈተች። አባቷ ቀደሟት።

«እኔ መማል ምን ያስፈራኛል? ከዚህ ቤት ችካል የነካ የለም» አሉ፤ ፊታቸው በኩራት የተረጋጋ ነበር። ሀይማኖት ጉርሻዋን ዋጠች፤ ቃሉም አብሮ ወረደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ አረንጓዴ ቦታው ላይ ተሰበሰበ። የተቀመጡት በቤት ቁጥራቸው ተራ ነው፤ ፕላን ለመሐላም ደረሰ እያሉ አንዳንዶቹ ቀለዱ። ሴቶች ከጎን፣ ልጆች ከኋላ ድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀመጡ። አሚራ የሀይማኖትን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ክርስቲያኑ መስቀል እየነካ፣ እስላሙ ወላሂ እያለ ይነሳል፤ መጨረሻው ግን የሁሉም አንድ ነው።

«እኔም ሆንሁ ቤተሰቤ አልነቀልንም፣ ሲነቀልም አላየንም። ብዋሽ ልጄን አያሳድግልኝ።»

ሰዉ አሜን፣ አሚን ይላል።

ሀይማኖት መሐላው እንዲህ እንደሚያልቅ አታውቅም ነበር። አህመዲን ተነስቶ ሲምል ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ከወንዶቹ መሀል አንዱ ሆን ብሎ ሳለ። አሚራ አንገቷን ደፋች። አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ እያለ ተራው ወደ አባቷ ሄደ። የእሳቸው ቤት ሃያ ሁለት ነው።

ማታ ለብቻቸው ብነግራቸውስ ብላ አሰበች። ግን ማታ መሐላው ከአፋቸው ወጥቷል። ማታ ብትነግራቸው ወይ በሐሰት የማሉ ሰው ሆነው ይኖራሉ፣ ወይም ዝም እንድትል ሊያደርጉ ነው፤ ሁለቱንም ልታይ አልፈለገችም። አሁን ብትናገር ደግሞ ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለች። ፈራች። ከመቼውም በላይ ፈራች።

ሃያ አንድ ቁጥር ተቀመጠ። እጇን ከአሚራ እጅ አላቀቀችና ተነሳች።

«የት ነው? ልጅ አይገባም እኮ» አለች አሚራ ቀሚሷን ይዛ።

«ልቀቂኝ» አለቻት፤ «ኋላ ከጠላሽኝ ትጠይኛለሽ።»

በወንዶቹ መሀል አለፈች። አቶ ክንፈ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መስቀሉን በቀኝ እጃቸው ነክተው፣ «እኔም ሆንሁ ቤተሰቤ» ብለው ጀምረዋል። ክንዳቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ አይማሉ።»

ዘወር ብለው አዩዋት። መጀመሪያ የተቆጡ መሰሉ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን እጃቸው ከመስቀሉ ላይ ወረደ።

«ምነው ልጄ?»

«እኔ ነኝ። ጥጃውን እሱ ላይ አስሬው ነቀለው። መልሼ የተከልሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው «አስጠንተዋት ነው» አለ። ሌላው ሳቀ። አቶ ክንፈ የሳቀውን ሰው ዞር ብለው አላዩትም። ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ የጋቢያቸውን ጫፍም ከጎናቸው ዘርግተው እንድትቀመጥ ምልክት ሰጧት። ጋሽ አበጋዝ ሰዉን በእጃቸው ጸጥ አሰኙ።

«ሁሉንም ከመጀመሪያው ንገሪን፣ አብሽሪ» አሏት።

ድንጋይ ክምሩ ላይ አሚራ ቆማለች፤ ከዚያ ርቀት ፊቷ አይለይም። ሀይማኖት ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል፣ ነሐሴ ላይ ከጣለው ዝናብ ጀመረች።