ወደ ወልድያ የዞረችው መኪና

አቶ ደምሴ ሞተው የተገኙት ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በራሳቸው አሮጌ መኪና ውስጥ ነው። አምስት በር ያላት፣ ኋላዋ ወደ ላይ የሚከፈት የቤተሰብ መኪና ናት። አልተጋጨችም። ሟቹ በታጠፈው የኋላ ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ማጅራታቸው ተፈንክቷል፤ ከራሳቸው ሥር የተጣጠፈው ጋቢ በደም ርሷል።

መኪናዋን የሚነዳት ታናሹ ልጃቸው ዮናስ ስለነበረ ፖሊስ እሱን አሰረ።

«ባሌን ቀበርሁ። ልጄን ከነሕይወቱ አትቅበሩብኝ» አሉ እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ከወልድያ የመጣችውን መርማሪ፣ ኢንስፔክተር ሰላማዊትን፣ እጇን ይዘው።

ሰላማዊት ከሟቹ ጋር በጥገና የተጣላውን መካኒክ ዓሪፍን ጠየቀች።

«ተሰዳድበናል፣ አልክድም» አለ። «ወላሂ፣ ሞተራቸውን እንጂ እሳቸውን አልነካሁም።»

«መኪናዋ ለምን ቆመች?»

«ቤንዚን ቀድተውባታል። እሷ የናፍጣ ናት፤ ትንሽ ሄዳ ትሞታለች።»

ዮናስን እስር ቤት አገኘችው።

«ነዳጅ የሚሞላት ማነው?»

«እኔ ነኛ! ለመስኖው ፓምፕ ከምንገዛው ናፍጣ ነው የምቀዳላት። ያን ቀንም ፓምፑ ጋ ነበርሁ፤ ያየኝ ግን የለም።»

«ቁልፉስ?»

«ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነው የሚውለው።»

ታላቅየው አበባው ወልድያ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ያን ቀን በጀሪካን ቤንዚን ሊገዛ ወላጆቹ ወዳሉበት መርሳ በሚኒባስ ወርዶ ነበር።

«የአባትህን መኪና ታውቃታለህ?»

«እንዴት አላውቃት! እኔም እንደሷ ያለች ነበረችኝ። መብራቱ፣ በሩ፣ ወንበሩ አንድ። አባባ ግን ለዮናስ ሰጣት።» ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ ደረቀ።

«ያንተዋ ብዙ ትበላ ነበር?»

«ኧረ ተይኝ! ቤንዚን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው።»

በማግስቱ ሰላማዊት ሁሉንም ደብሪቱ ግቢ ሰበሰበች። ዮናስ በካቴና መጣ።

«ሬሳ የሚደብቅ ሰው ትራስ አያደርግም» አለች። «የሞተ ሰውም ይህን ያህል አይደማም። አቶ ደምሴ መኪናዋ ላይ ሲጫኑ በሕይወት ነበሩ። ወንበሩ የታጠፈው ቁስለኛ ለማስተኛት ነው፤ የመኪናዋም ፊት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ነው። ነጂው ሊያድናቸው እየከነፈ ነበር። ነዳጅ አነሰው፤ ቤንዚን ቀዳ። ዮናስ ይህን አይሳሳትም። ዓሪፍም ሞተሯን ፈትቶ ገጥሟል። የዚህ ዓይነት መኪና የናፍጣም እንዳለ ያላሰበው የቤንዚኑን ብቻ የነዳ ሰው ነው። የጀሪካን ቤንዚንም በእጁ ነበረ።»

አበባው ተንበረከከ። «በመኪናዋ ጉዳይ ተጨቃጨቅን። ገፋሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም።»

«መኪና አታስቆምም ነበር?» ጮኸ ዮናስ። «መንገዱ ሙሉ መኪና አይደለም ወይ?»

«ደሙ እጄ ላይ ነበረ። ፈራሁ፤ ሸሸሁ።»

«ትተኸው ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?» አሉ ደብሪቱ በቀስታ።

አበባው አንገቱን ደፋ። «ይተነፍስ ነበር፣ እማዬ።»

ካቴናው ከዮናስ እጅ ወልቆ በአበባው እጅ ገባ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ የትኛውን ልጅ እንደሚይዙ ግን አላወቁም።