ሰባተኛዋ ተጠማቂ

«ታዲያ ወንበዴው የት ተጠመቀ?» አለች ሙሲምቢ፣ እጇን ከፍ አድርጋ ፉርሽካውን ወደ ኩሬው እየበተነች። ዓሣዎቹ ተሻምተው ውሃውን አፈሉት።

«የቱ ወንበዴ?»

«ከጌታ ጋር የተሰቀለው ነዋ! ገነት ትገባለህ አልተባለም? ወንዝ ወስደው ነከሩት እንዴ?»

ካቬጻ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ቆመች። «እሱ እኮ ጊዜ አልነበረውም። ተቸንክሮ የት ይሂድልሽ? አንቺ ግን እግርም ጊዜም አለሽ። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለሽም።»

ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ፣ አንድ እርሳስ፣ አንዳንዴም አንድ ቅጣት ተካፍለዋል። የማይካፈሉት እሑድን ብቻ ነበር። ካቬጻ እሑድ የምትሄደው ፓስተር ሉቫይ ዘንድ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው አምኖ ሁለመናው ውሃ ውስጥ ካልጠለቀ ዳነ አይባልም። የሙሲምቢ ቤተሰብ ደግሞ «ወዳጆች» ከሚባሉት ወገን ነው። ወዳጆች ሕፃንም ሆነ ሽማግሌ በውሃ አያጠምቁም። ጥምቀት የውስጥ ነገር ነው ይሉና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዝምታ ይጠብቃሉ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ፣ የሙሲምቢ አያት ጉጋ ኪሲያ በማራጎሊ ኮረብታ ላይ አንደኛ ሀብታም ነበሩ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየና የሚጠመቁበት ወንዝ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይሸፍን ሆነ። የጥምቀቱ እሑድ ሲቃረብ ፓስተር ሉቫይ ጨነቃቸው። በመጨረሻ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ጉጋ ዘንድ መጡና የዓሣ ኩሬዎን ያውሱን አሉ። መንደሩ ይህን ሰምቶ በሳቅ ሊሞት ነበር። ጉጋ ግን «ዓሣዎቼን እንዳትረግጡብኝ እንጂ ግቡ» ብለው ፈቀዱ።

«ስሚ» አለች ካቬጻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪ።»

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«ስምሽን አስመዘገብኩ። እኔ ስድስተኛ፣ አንቺ ሰባተኛ።»

«ሳትጠይቂኝ? አንቺ ጤና የለሽም?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሻ!» ካቬጻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ገነት ደርሼ አንቺ ባትኖሪስ? ከማን ጋር ላወራ ነው?»

ሙሲምቢ ልትቆጣት ነበር። ቁጣው ጠፍቶ ፍርሃት መጣባት። ካቬጻ ልክ ብትሆንስ?

በማግሥቱ ጠዋት ጉጋ የተቀደደ መረባቸውን ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ስሜን ሲጠሩ ምን ልበል ጉጋ?»

እሳቸው መጀመሪያ ሁለት ቀዳዳ ጠገኑ። ከዚያ «እኛ ውሃውን አንንቀውም» አሉ። «ፓስተሩም ውሸታም አይደለም፤ ያመነበትን ነው የሚናገረው። አንቺ ግን እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ካቬጻን ደስ ለማሰኘት ብለሽም እንዳትገቢ። ልብሽ የሚልሽን በደንብ አዳምጪና እሱኑ ተናገሪ።»

«ልቤ ምንም ባይለኝስ?»

«እሱም መልስ ነው፤ ገና ነው ማለት ነው» አሉና መረቡን ገለበጡት።

እሑድ የኩሬው ዳር በሰው ተሞላ። ፓስተር ሉቫይ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው እስከ ወገባቸው ገቡ። አንድ ያላሰቡት ነገር ግን ነበር። የጉጋ ዓሣዎች እጅ ከፍ ሲል ምግብ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ፓስተሩ ለጸሎት እጃቸውን ባነሡ ቁጥር ዓሣው ሁሉ ግር ብሎ ወደ እሳቸው ይመጣል። ቀድመው የተመዘገቡት አምስት አዋቂዎች ጥርሳቸውን ነክሰው ተጠመቁ። ካቬጻ ግን ገና እስከ ጉልበቷ እንደገባች ፓስተሩ እጃቸውን አነሡ።

«ነከሰኝ!» ብላ ጮኸችና እየተንደረደረች ወጣች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ነይ ልጄ፣ ዓሣ ነው እንጂ ዘንዶ አይደለም» አሉ ፓስተሩ።

ካቬጻ ንቅንቅ አልል አለች። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቀን በዓይኗ እያየችው ሊያልፍ ነው፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ታለቅስ ጀመር።

ሙሲምቢ የጓደኛዋን ማድረቂያ፣ ሌሶ የሚሉትን ባለ አበባ ጨርቅ፣ ይዛ ቆማ ነበር። ጨርቁን አጠገቧ ለነበሩት አሮጊት ሰጠችና ወደ ፉርሽካው ጣሳ ሮጠች። ከኩሬው ወዲያኛው ጥግ ላይ ቆማ እጇን ከፍ አደረገች። ዓሣዎቹ ፓስተሩን ትተው ወደ እሷ ጎረፉ።

«ጉጋ፣ እዚህ ያቆዩልኝ!»

ጉጋ ጣሳውን ተቀበሉና እፍኝ እፍኝ ይበትኑ ጀመር። የወዳጆች ሽማግሌ ሰው በሚጠመቅበት ኩሬ ዳር ቆመው ዓሣ ሲያባብሉ ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን ያወራዋል።

ሙሲምቢ የእሑድ ቀሚሷን እንደለበሰች ውሃው ውስጥ ገብታ እጇን ዘረጋች። «ነይ። እዚህ ጋ ርገጪ፣ ወዲያ ያዳልጣል።»

ካቬጻ እጇን አጥብቃ ይዛ ገባች። ፓስተሩ አጠለቋት፤ እያሳለችም እየሳቀችም ብቅ አለች። ዳር ያለው ሰው በዝማሬና በጭብጨባ ተቀበላት።

«ሰባተኛ፣ ሙሲምቢ ኪሲያ!» አለ ዝርዝሩን የያዘው ሰው።

ጭብጨባው ቆመ። ሙሲምቢ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ናት። ጉልበቷን ሸብረክ ብታደርግ በቃ፣ ያልቃል። ጉጋን አየቻቸው፤ ሆን ብለው ዓሣዎቻቸውን ብቻ ይመለከታሉ። ካቬጻ እጇን አልለቀቀችም። ሙሲምቢ ዓይኗን ጨፍና እንደ አግዳሚው ወንበር ጊዜ ዝም ብላ አዳመጠች። ፍርሃቱን ፈለገችው፤ አልነበረም። ያገኘችው በእጇ ውስጥ ያለውን የካቬጻን እጅ ብቻ ነው።

«ይቅርታ ፓስተር» አለች። «እኔ የገባሁት እጇን ልይዝላት ነው። ለራሴ ገና እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን ቀረሽ ልጄ? ጭንቅላትሽ ብቻ እኮ ነው የቀረው!»

ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። «ልቤ ሲነግረኝ በራሴ እግር እመጣለሁ» አለች።

ፓስተሩ እሺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስምንተኛ!» አሉ።

ሁለቱ ውሃ እያንጠባጠቡ ወጡ። ጨርቁን የያዙት አሮጊት ዓይናቸው ደከም ያለ ነውና አንዴ ይቺን፣ አንዴ ያቺን አዩ።

«የተጠመቀችው የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ካቬጻ፤ ሌሶውን ተቀብላ ዘረጋችና በራሷና በሙሲምቢ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው። «እሷ ገና እየጠበቀች ነው።»