የበቱል ሁለት እጆች

ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ነጩም ጥቁሩም ዓባይ ተባብረው ይውሰዱኝ። ኮሎኔል ረሺድን የማያውቅ ሌባ ኦምዱርማን ውስጥ ገና አልተወለደም፤ የበግ ጩኸት ሰምቶ ከማን ቤት እንደተሰረቀ የሚነግር ሰው ነው።

ያን ጠዋት የጠራው የሟቿ ወንድም ነበር። በቱል አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኝታለች። ወንድሟም «ገዳይዋ ካልታወቀ አትቀበርም» ብሎ በር ላይ ቆሟል።

ኮሎኔሉ አስከሬኑን አየ። ጡቷ ላይ ቀጫጭን ቱቦዎች የገቡበት ቦታ አብጦ መግል ቋጥሯል። እጆቿ ግን እንደ ሙሽራ በሂና ተውበዋል።

«ማን ነበር የሚያስታምማት?»

«ማንም» አለ ባሏ ሐጅ ዙቤር፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ካንሰሯን ከውስጥ በጨረር ነበር የሚያክሟት። ጨረሩን ይዛብን ገባች፤ እኛም ፈራን፣ ጀናቡ ኮሎኔል። ምግቧን በር ላይ እናስቀምጥላት ነበር።»

«ለጎረቤትስ ምን አላችሁ?»

«ካይሮ ሰርግ ሄደች።»

«ለኔም እንደዚያው» አለ ወንድምየው። «ስትመለስ ሽቶ ታምጣልኝ ብዬህ፣ እሺ ብለኸኛል እኮ።»

ኮሎኔሉ ለሐኪሟ ደወለ።

«ጨረሩ በቱቦው ገብቶ ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል» አለው ሐኪሙ። «ቤቷ የሄደችው እንደኔና እንዳንተ ሆና ነው። ትኩሳት ከተሰማት ግን ቶሎ እንድትመጣ ነግሬያት ነበር።»

«ለቤተሰቧስ?»

«አብሯት የመጣ ሰው አልነበረም።»

ኮሎኔሉ ባልየውን፣ የባልየውን እህት ኒዕማትንና ወንድምየውን ሰበሰበ።

«የገደላት ቁስሉ ያመጣው ትኩሳት ነው። በጊዜ ሐኪም ቢያያት ትድን ነበር። ማንም አልገባም ትላላችሁ። ሰው የራሱን እጆች ሂና ሲቀባ አንዱ እጁ ያምራል፣ ሌላው ይበላሻል። የበቱል ሁለቱም እኩል ያምራሉ። ስለዚህ የሳለላት ሌላ ሰው ነው። የማን ጣት ነው የቀላው?»

ኒዕማት እጇን በተከናነበችው ቶብ ውስጥ ሸሸገች።

«ገብተሻል፣ ኒዕማት። ሂናውን ስትስዪ እጇን ይዘሻል። እንደ እሳት ሲፈጅሽ በሩን ዘግተሽ ዝም አልሽ።»

ጢሙን ጠቀለለ። ከካርቱም እስከ ፖርት ሱዳን እንዲህ ያለ ምርመራ ታይቶ አያውቅም።

«እጇማ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጀናቡ» አለች ኒዕማት በቀስታ። «የሳልኩላት ከሞተች በኋላ ነው። ባል ያላት ሴት እጇ ያለ ሂና ሆኖ አስከሬን አጣቢዎቹ ቢያዩዋት ምን ይሉናል ብዬ። በሕይወት እያለችማ ማንም አልገባም።»

ጢሙ ከጣቶቹ መሃል ተፈታ።

«‹ምንም የለብኝም፣ ኑ ንኩኝ› ትለን ነበር፣ ከበሩ ወዲያ ሆና። አላመንናትም።»