በራስጌዋ የበራ ጧፍ

ወይዘሮ ስመኝ አያት ሰፈር ባለው ቪላቸው ውስጥ፣ ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ከራሳቸው በላይ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ነድዶ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው የጧፍ ቁራጭ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያገኛቸው እንደ እናት ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ እዝራ ነው። ዓርብ ጠዋት ከየካ አባዶ ሊጠይቃቸው መጥቶ አገኛቸውና ፖሊስ ጠራ። እዝራ ጴንጤ ነው፤ አክስቱ ደግሞ ጧፋቸውን ከንብ ሰም በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ኦርቶዶክስ። በዚህ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ መርማሪም ዳኛም ሆኖ በልጁ ላይ ፈርዶ ጨርሷል።

ኢንስፔክተር ሰኪና ስትደርስ ግቢውን የሞላው ሰው ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ በስልኩ ይቀርፃል። ሰኪና ድሮም ሰው አትወድም፤ ሬሳ የሚቀርፅ ሰው ደግሞ ያቅለሸልሻታል።

«ለቅሶ ነው ወይስ ቲክቶክ? ውጡ!» ብላ ሁሉንም አባረረቻቸው።

ከዚያ ተንበረከከች። የጧፉ ሰም ዙሪያውን እኩል ወርዶ ሥሩ ላይ ረግቷል። ደረጃው ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም። ከቁራጩ ቆንጥራ በጣቶቿ አሸችው፤ እንደ ደረቀ ሳሙና ተፍረከረከ። ስታሸተው ነጭ ጋዝ ነገር ሸተታት።

«እዝራ፣ ይህን ያበራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ? እኔ ጧፍ አላበራም። ለሞተ ሰውማ ጭራሽ!»

«አክስትህን ምን እያልክ ነበር የምትጨቀጭቃቸው?»

«ልብሽ ይብራ እንጂ ጧፍ ምን ያደርጋል እላት ነበር። እሷ ደግሞ፣ ጧፉ ራሱ እየቀለጠ ነው ለሌላው የሚያበራው፣ አንተ ምንህ ቀለጠ ትለኛለች። ከዚያ ምሳ ታቀርብልኛለች።» ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። «አጎቴ ተካልኝ ገዳይ እያለኝ ነው አሉ። ቀብሯ ላይ ሳልቆም ታስሬ ከዋልኩ አብዳለሁ፣ ኢንስፔክተር።»

ቀጥላ የጠየቀችው ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችውን ሪሀናን ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ሱቅ ልብስ ትሸጣለች።

«ዛሬ በጊዜ ነው ወደ ሱቅ የወጣሁት፣ ምንም አላየሁም» አለች። «ትናንት ግን እትዬ ስመኝ ተናደው ነበር። እሑድ ለሰበካ ጉባኤው አንድ ሌባ አጋልጣለሁ፣ እግዜርን በጋዝ የሚያታልል አሉኝ። ማን ነው ብላቸው ወላሂ አፍረው ዝም አሉ።»

ከሰዓት በኋላ የሟች ወንድም አቶ ተካልኝ መጡ። ለአብያተ ክርስቲያናት ጧፍ የሚያቀርብ ፋብሪካ አላቸው። በየንግሡ ሰው የሚያህል ሻማ ተሸክመው ፎቶ ይነሣሉ፤ የአንገታቸው ወርቅ መስቀል በደንብ ካልታየ ደግሞ እንደገና ይነሣሉ። የእህታቸው ቤት ቁልፍ እንዳላቸው ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ ቤተኛነታቸውን ለማሳየት።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ፋብሪካዬ። አትድከሚ ልጄ፣ መናፍቅ አሳደገች፣ በላት።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የእናንተን ሥርዓት አላውቅም። የጧፍ ትርጉሙ ምንድን ነው?»

አቶ ተካልኝ ስብከት ሲጠየቁ ሐዘን ይረሳቸዋል። «ሰሙ ሥጋ ነው፣ ፈትሉ ነፍስ፣ እሳቱ መለኮት። ሰሙ ግን ንብ ከአበባ የለቀመችው ንጹሕ መሆን አለበት!»

«ለሞተ ሰውስ ይበራል?»

«እንዴታ! ነፍስ በጨለማ አትሸኝም። በራስጌ ይበራል።» ከኪሳቸው አንድ ጧፍ መዘዙ። «ያዢ፣ አዲሱ ሥራዬ ነው። እሑድ ነው የሚከፋፈለው፤ እስከዚያ ከእኔ በቀር ማንም እጅ የለም።»

ሰኪና አመስግና ተቀበለች። ጉረኛ ሲናገር አታቋርጥም።

በማግስቱ ሦስቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወይዘሮ ስመኝ ጧፍ ይዘው ሲወርዱ ወድቀው ቢሆን፣ ሰሙ ደረጃው ላይ በተንጠባጠበ ነበር። ይህኛው ግን ቆሞ ነው የነደደው። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ በራስጌያቸው ያበራው ሌላ ሰው ነው። እዝራ በእምነቱ ለሞተ አያበራም። ሪሀናም እንደ እኔው ሙስሊም ናት።»

«መናፍቁ እኔን ሊያስጠረጥር አብርቶት ቢሆንስ?» አሉ አቶ ተካልኝ።

«ቢሆን ኖሮ ከአክስቱ ጧፍ ነበር የሚያነሣው፤ ጓዳው ሙሉ ነው። የእሳቸው ማር ማር ይሸታል፣ ሲያሹት ይለሰልሳል። በራስጌያቸው የበራው ግን ከነዳጅ የሚወጣ ፓራፊን ነው።» ከቦርሳዋ ሌላ ጧፍ አወጣች። «ይህ ደግሞ ትናንት የሰጡኝ ንጹሕ ሰም።»

አሸችው። ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፣ የጋዝ ሽታውም ሁሉም አፍንጫ ደረሰ።

«ከእኔ በቀር ማንም እጅ የለም ብለውኛል። እግዜርን በጋዝ የሚያታልለው ሌባ እርስዎ ነዎት። በቁልፍዎ ገብተው ዝም በይ ብለው ለመኗቸው፤ እምቢ ሲሉ ገፈተሯቸው።»

አቶ ተካልኝ ግንባራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ሳላስበው ነው! እጄ ነው የቀደመኝ! ሞተች፣ ምን ላድርግ? አረመኔ አይደለሁም። ለነፍሷ ብዬ ጧፍ አበራሁላት፣ አልቅሼ ጸለይኩላት።»

ሰኪና አንቱታውን እዚያው ጣለችው። «ምን ያህል ቆየህ?»

«ጧፉ እስኪያልቅ ድረስ ማለት ይቻላል። አጠገቧ ተንበርክኬ።»

«የሐኪሙ ውጤት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ» አለች ሰኪና። «እህትህ ሲወድቁ አልሞቱም። ራሳቸውን ስተው፣ እየተነፈሱ ረጅም ጊዜ ቆይተዋል። አምቡላንስ ቢጠራላቸው ይተርፉ ነበር።»

እዝራ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ተካልኝ ወደ ደረጃው ግርጌ ዞረ።

«የሞተች መስሎኝ... ለነፍሷ እኮ ነው ያበራሁት...»

«ነፍሳቸው ገና አልወጣችም ነበር» አለችው።