እጩው የማያድርበት ቤት

ማዘንጊያ የመጣችው ለቅሶ ለመድረስ እንጂ ለሥራ አልነበረም። ሆኖም ገና «አይዞሽ» ብላ ሳትጨርስ ኸይሪያ እጇን ይዛ ከሳሎኑ ሕዝብ መካከል አወጣቻትና መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችው።

«ቢሩክ ነገ ከሰዓት ፖሊስ ዘንድ ቅረብ ተብሏል» አለቻት። «ባልሽን የገደለው እሱ ነው ይሉኛል። እኔ አላምንም፣ ማዜ። ሁለቱ ያልተጨቃጨቁበት ቀን የለም፤ ግን አርብ በመጣ ቁጥር ጁነዲንን መስጊድ የሚያደርሰው ቢሩክ ነው። ክርስቲያን ሆኖ፣ ሶላቱ እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ባሌን አጣሁ። አሁን ደግሞ እንደ ልጄ የማየውን ልጣ?»

ማዘንጊያ አዲስ አበባ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ስሟ የተጠራ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች የምትሠራ የግል መርማሪ ናት። ቤቴ ተቃጠለ፣ ዕቃዬ ተዘረፈ የሚለው ሰው ሁሉ ዘንድ እየሄደች እውነቱን ከውሸቱ ትለያለች። ወዳጆቿ እሷ ስትመጣ አዲሱን ቴሌቪዥን ብርድ ልብስ አልብሱት እያሉ ይቀልዱባታል። የኸይሪያን ዓይን አይታ ግን እምቢ ለማለት አንደበት አጣች።

የሟቹን ነገር የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። የኮሎምበስ ምክር ቤት አባላት ለረጅም ዘመን ከየትኛውም ሰፈር ይመረጡ ነበር። ጋሽ ጁነዲን ደግሞ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ማይክ ጨብጠው፣ ምክር ቤት የሚገባልን ሰው ስናንኳኳ የሚሰማን ጎረቤት መሆን አለበት እያሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። በመጨረሻ ከተማዋ በወረዳ ተከፈለች። ድምፅ የሚሰጠው አሁንም ከተማው ሁሉ ነው፤ ተወዳዳሪው ግን በሚወክለው ወረዳ ውስጥ የሚኖር መሆን አለበት። ያን ቀን ጋሽ ጁነዲን ልጅ እንደተወለደለት ሰው ከረሜላ ሲያድሉ ዋሉ። ዮኤል የተባለ ወጣት ጠበቃ በእነሱ ወረዳ ባለው ኢስትሙር ሰፈር ቤት ተከራይቶ እወዳደራለሁ ሲል፣ የምረጡኝ ኮሚቴውን በሊቀ መንበርነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። እሑድ ጠዋት ሞተው የተገኙትም በዚሁ በዮኤል ቤት፣ የቅስቀሳው ዕቃ በሚቀመጥበት ምድር ቤት ውስጥ ነው። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። የኮታቸው እጅጌ ከትከሻው ተቀዷል፤ ፖሊስ ሰው ይዞ ጎትቷቸዋል ያለው ለዚህ ነው።

ማዘንጊያ ከለቅሶው ወጥታ በቀጥታ ወደ ኢስትሙር ነዳች።

ዮኤል ዓይኑ ቀልቷል። ቤቱን ሲያስጎበኛት ከላይኛው መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ «ጲው» የሚል ስለታም ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ባትሪው የደከመ የጭስ ማንቂያ ነበር። አልጋው በደንብ ተነጥፏል፤ መታጠቢያው ላይ ያለው ሳሙና ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ ድምፅ አያስቸግርህም?» አለችው።

«የቱ?» አለና ቀና ብሎ አየ። «እ፣ ስሞክ ዲቴክተሩ ነው። ሰሞኑን ጀመረው።»

ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። የዮኤል ፎቶ ያለባቸው የምረጡኝ ሰሌዳዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይስቃሉ። ዮኤል ሬሳውን ያገኘበትን ቦታ አሳያት። ከደረጃው ግርጌ ራቅ ብሎ፣ ወደ ላይኛው መኝታ ቤት በሚወጣው የማሞቂያ ቱቦ ሥር ነበር። ማዘንጊያ ጎንበስ አለች። ቱቦው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ብዙ ቦታ ላይ ተሰርጉዷል፤ ጠባሳው አዲስ ነው። ሰሌዳ የሚተከልበት መዶሻ እዚያው ወድቋል። 

ዮኤል ለፖሊስ የነገረውን ደገመላት። ቅዳሜ ማታ እላይ ነበር። የቢሩክን ጩኸት ሰምቷል፤ ጭቅጭቅ ልማዳቸው ስለሆነ ግን ንቆ ተኛ። ጠዋት ሲወርድ ሞተው አገኛቸው።

«ከዚያ ለማን ደወልክ?»

«መጀመሪያ ለሩሃማ፣ ቀጥሎ ለቢሩክ፣ ከዚያ ለፖሊስ።» ሩሃማ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች፣ የምርጫ ዘመቻው ኃላፊ ናት።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«ሞት በስልክ እንዴት ይነገራል፣ እትዬ ማዘንጊያ? ቢሩክን ‹ጋሼ ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና› አልኩት። ሩሃማን እንኳ እሱንም አላልኳት። ባለፈው አክስቴ ስትሞት ታማለች ቢሏት፣ እውነት መስሏት ይማርሽ ለማለት ‹ጌት ዌል› የተጻፈበት ባሉን ይዛ ለቅሶ ቤት አልመጣች መሰለሽ? ስለዚህ ‹ቤት ችግር ገጥሞናል፣ ነይ› ብቻ ብዬ ዘጋሁት።»

ቢሩክን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ግሮቭ ሲቲ፣ የሚሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ላይ አገኘችው። ብርቱካናማ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ ምሳው እጁ ላይ ቀዝቅዟል። ሁለት ልጆች አሉት፤ ዲቪ ደርሶት የመጣ ነው። ነገ ከገባ የሚወጣ አይመስለውም።

«ቅዳሜ ቀን በምን ተጣላችሁ?»

«በዮኤል። ሰውዬው እኛ ጋ አይኖርም አልኳቸው፤ ማታ ማታ መኪናውን አይቼው አላውቅም። ጋሼ ግን ስም አታጥፋ ብለው ሰው ፊት ጮኹብኝ። እኔም ጮህኩ።» አንገቱን ደፋ። «የመጨረሻዬ እሱ ሆነ።»

«ማታስ የት ነበርክ?»

«ኡበር ስነዳ። ግማሹን ጊዜ ደግሞ ሰው አጥቼ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ማን ያምነኛል?»

«የእሑዱን ጠዋት ንገረኝ።»

«ወርክ ላይ ሆኜ ዮኤል ኮል አደረገኝ። ጋሼን አሟቸዋል ሲል ወዲያው ገባኝ። እንደዚያ ተብሎ የታመመ ሰው የለማ! ከነሥራ ልብሴ ነው የበረርኩት። ስደርስ ሩሃማ ቀድማኛለች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤ የመኪናዋ ትራንክ ደግሞ ለለቅሶ ቤት በሚሆን ውሃ ተሞልቷል። ፈረንጅ ናት ስንላት፣ የዚያን ቀን ከሁላችን በለጠች።»

ማዘንጊያ ምሳህን ብላ አለችውና መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ያሰበችውን ነገር አልወደደችውም።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ስትመለስ ሩሃማ ለአዛውንቶቹ ውሃ እያደለች ነበር። ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ። ማዘንጊያ በረንዳ ላይ ጠራቻት። ልጅቱ አማርኛዋን እየፈለገች መለሰች። ቅዳሜ ማታ ቤቷ ብቻዋን ኢሜይል ስትጽፍ አምሽታለች።

«እሑድስ እንዴት ሰማሽ?»

«ዮኤል ኮል አደረገኝ። ‹ጋሼ ትንሽ አሟቸዋል› አለኝ። አይ ኒው፣ ወዲያው ገባኝ። እናንተ እንደዚያ ስትሉ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ባሉኑን አልረሳሁትም።»

ማዘንጊያ ጉንጯን ዳሰሰቻት። የዚያን ምሽት እራት አልበላላትም።

በማግስቱ ጠዋት አራቱም ኢስትሙር በዮኤል ሳሎን ተቀምጠዋል። ኸይሪያ በጥቁር ሻሿ ተጠቅልላ፣ ቢሩክ ከጎኗ፣ ዮኤልና ሩሃማ ፊት ለፊት። የፖሊሱን መርማሪ ማዘንጊያ ራሷ ጠርታ በረንዳ ላይ እንዲጠብቅ ለምናዋለች።  ከላይ «ጲው» አለ።

«ሥራዬ የሰው ቤት ማየት ነው» ብላ ጀመረች። «ከዚህ ድምፅ ሥር ሰው አንድ ቀን ሊተኛ ይችል ይሆናል፤ በሁለተኛው ቀን ግን ባትሪውን ይቀይራል፣ ወይም ነቅሎ ይወረውረዋል። ዮኤል ግን ስጠይቀው ‹የቱ?› አለኝ። ሳሙናውም ውሃ ካየ ቆይቷል። ዮኤል፣ ማታ የምታድረው የት ነው?»

ዮኤል ሩሃማን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። «ሚነርቫ ፓርክ» አለ። «ከሚስቴ ጋር።»

ቢሩክ ከመቀመጫው ተነሳ። ሚነርቫ ፓርክ በኮሎምበስ መሃል ብትሆንም የራሷ አስተዳደር ያላት መንደር ናት። እጩው የወረዳው ይቅርና የከተማዋም ነዋሪ አልነበረም።

«ቅዳሜ ማታ ቤቴ እንግዳ ነበረኝ» አለ ዮኤል። «እሑድ የመጣሁት ሰሌዳ ልወስድ ነው። እዚያ ነበርኩ ካልኩ ደግሞ እጩነቴ ይሰረዛል።»

«ታዲያ የእኔን ጩኸት ከየት ሰማኸው?» አለ ቢሩክ።

«እሱን እኔ እጠይቀዋለሁ» አለች ማዘንጊያ። «የቢሩክን ስም ማን አፍህ ውስጥ አስገባው?»

ዮኤል በአገጩ ፊት ለፊት አመለከተ። «ሩሃማ ናት። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት፣ እላይ ተኝቼ ነበር በል፣ ቢሩክ ሲጮህ ሰምቻለሁ በል አለችኝ። ቀን ተጣልተው ስለነበር፣ እሱ ይሆናል ብዬ አመንኩ።»

«ካምፔይኑን ለማዳን ነው» አለች ሩሃማ ቶሎ ብላ። «ዛትስ ኦል፣ ሌላ ምንም የለም።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ማዘንጊያ። «ልጄ፣ ዮኤል ሲደውልልሽ ምን አለሽ?»

«ነገርኩሽ። ጋሼ አሟቸዋል አለኝ።»

ዮኤል ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። «እኔ? እንደሱ አላልኩሽም። ቤት ችግር ገጥሞናል፣ ነይ ነው ያልኩሽ። የጋሼን ስም አላነሳሁም።»



«ቤት ችግር አለ ሲባል ሰው ቧንቧ ፈነዳ ይላል፣ ወይም ሌባ ገባ ይላል» አለች ማዘንጊያ። ድምፅዋ ዝግ ብሏል። «አንቺ ግን ጥቁር ለብሰሽ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ለለቅሶ ቤት ውሃ ጭነሽ መጣሽ። እኔ ስጠይቅሽ ደግሞ በልማድ የሚባለውን ነገርሽኝ። ለአበሻ መርዶ በምን ቃል እንደሚነገር ተምረሻል። ለአንቺ ግን ያንን ቃል አልተጠቀመበትም፤ አይገባትም ብሎ ትቶታል። የጋሽ ጁነዲንን መሞት ዮኤል ካልነገረሽ፣ ፖሊስም ገና ካልመጣ፣ ከማን ሰማሽው?»

ሩሃማ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። ኸይሪያ ዓይኗን አልነቀለችባትም። በመጨረሻ ልጅቱን ያናገራት የዚያች ሴት ዓይን ሳይሆን አይቀርም።

«መብራት ላበራ ነው የመጣሁት» አለች። «ሰው ያለ እንዲመስል፣ ማታ ማታ እኔ ነኝ የማበራው። ጋሼ ቤዝመንት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ በኮሚቴው ቁልፍ ገብተው። ‹ዮኤል ሊተኛ ሲመጣ ላየው ነው› አሉኝ። ‹ከመጣ ቢሩክን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ካልመጣ ሰኞ ስሙን አስወጣለሁ› አሉ። ፕሊዝ አልኳቸው። ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋነው፣ የመጀመሪያ ወንበራችን… ወደ ውጭ ልወስዳቸው ክንዳቸውን ያዝኩ። እምቢ ብለው ሲስቡ ኮታቸው ተቀደደ፤ በደረጃው ወደ ኋላ ወደቁ። አልገፋኋቸውም፣ እትዬ ኸይሪያ። አይ ስዌር፣ እምላለሁ። አየኋቸው፤ አይንቀሳቀሱም ነበር።»

«ለምን አምቡላንስ አልጠራሽም?» አለች ኸይሪያ። መጀመሪያ የተናገረችው ያን ጊዜ ነው።

«ቢመጡ ቤቱ ባዶ መሆኑን ያያሉ ብዬ።» እንባዋ ወረደ። «ሞተዋል ብዬ ነው። ጠዋት እንኳ በሥርዓቱ ላለቅስላቸው ብዬ…»

ማዘንጊያ ይህን ቀጣዩን ባትናገር ደስ ይላት ነበር። ግን ቢሩክ እንደ ገዳይ ታይቷል፤ ኸይሪያም እውነቱን አጣሪልኝ ብላለች። እውነት ደግሞ ግማሹ ብቻ አይነገርም።

«አልሞቱም ነበር» አለች። «የተገኙት ደረጃው ግርጌ አይደለም። በደረታቸው እየተሳቡ ቱቦው ሥር ደርሰዋል። ቱቦው ወደ ላይኛው መኝታ ቤት እንደሚወጣ ያውቃሉ። መዶሻውን አንስተው ደብድበውታል፤ ጠባሳው አንድ ሁለት አይደለም፣ ብዙ ነው። እሷ ሞተዋል ብላ ሄዳለች፤ እሳቸው ግን ዮኤል መጥቶ ይተኛል ብለው እያንኳኩ ነበር።»

ዮኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሩሃማ ከሶፋው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አላነሳትም። ማዘንጊያ በሩን ከፍታ ፖሊሱን አስገባችና ልጅቱን በራስሽ ቋንቋ ንገሪው አለቻት። ሩሃማ በእንግሊዝኛ ሳትደናቀፍ ሁሉንም ተናገረች። ሲወስዷት በኸይሪያ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

 ከላይ «ጲው» የሚለው ድምፅ መጣ። ዮኤል ዛሬውኑ ስሙን እንደሚያስወጣ እያነበነበ ነበር፤ የሚሰማው አልነበረም።

ቢሩክ ድምፁን መቋቋም አቃተው። ወንበር አንስቶ ወደ ፎቁ ደረጃ ሲራመድ ኸይሪያ እጅጌውን ያዘችው።

«የት ነህ?»

«ልንቀለው ነው፣ እትዬ። ራሴን ሊያፈርሰው ነው።»

ኸይሪያ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ ወደ ዮኤል።

«ተወው» አለች። «ዛሬ እንኳ እዚህ ይደርና ይስማው።»

ቢሩክ ወንበሩን መልሶ አስቀመጠ። ኸይሪያ ክንዱን ተደግፋ ወጣች፤ እሱም የመኪናውን በር ከፍቶ አርብ አርብ ለጋሽ ጁነዲን ያደርግ እንደነበረው ጋቢናው ውስጥ አስቀመጣት።